በአማርኛ የሚያብራራው የቴንስ ጥራዝ፦ ግሱ ይያዝ፣ ሠንጠረዡ ይታረም

በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች 12ቱን የእንግሊዝኛ ቴንሶች (የግስ ጊዜያት) በአማርኛ የሚያብራራ አንድ ስስ ጥራዝ ይሸጣል። በብዛት የሚገዙት 9ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆችና ወላጆቻቸው ናቸው። ከዚያ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ቴንስ ያልገባው ተማሪ በሁሉም ትምህርት ይቸገራል። ጥራዙ ለግስ ዝርዝሩና ለመልመጃዎቹ ሲባል ቢገዛ ገንዘቡ አይቆጭም። የመጀመሪያው ገጽ ሠንጠረዥ ግን በእስክሪብቶ ሳይታረም ለልጅ መሰጠት የለበትም።

ሠንጠረዡ በግራ የቴንሱን ስም፣ በቀኝ የአማርኛ አቻውን አስቀምጧል። ሲምፕል ፕሬዘንት «ይሄዳል»፣ ፕሬዘንት ኮንቲኒየስ «እየሄደ ነው»፣ ሲምፕል ፓስት «ሄደ»፣ ፕሬዘንት ፐርፌክት «ሄዷል»፣ ፓስት ፐርፌክት «ሄዶ ነበር»፣ ፊውቸር «ይሄዳል» ይላል። «ይሄዳል» ሁለት ቦታ ለምን እንደገባ አንድም ቃል የለም። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። አማርኛ «ዘወትር ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል» ሲልም «ነገ ገበያ ይሄዳል» ሲልም ግሱን አይለውጥም፤ ጊዜውን የሚለየው «ዘወትር» ወይም «ነገ» የሚለው ቃል ነው። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ በግእዝ የግስ እርባ «ይቀትል» ስሙ ትንቢት፣ ማለትም የሚመጣ ጊዜ፣ ነው፤ ሲፈታ ደግሞ «ይገድላል» ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ለልማዱ «ሂ ጎዝ»፣ ለነገው «ሂ ዊል ጎ» ወይም «ሂ ኢዝ ጎይንግ ቱ ጎ» ብሎ ይለያል። እርማቱ በመጀመሪያው «ይሄዳል» አጠገብ «ዘወትር»፣ በሁለተኛው አጠገብ «ነገ» ብሎ መጻፍ ነው።

ከዚህ የከፋው «ሄዷል» ነው። ልጁ «ሄዷል ማለት ፕሬዘንት ፐርፌክት ነው» ብሎ ከያዘ ሁለት ቦታ ይሳሳታል። አንደኛ፣ አማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለትን ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ «ሂ ሃዝ ካም የስተርዴይ» አይልም። ያለቀ ጊዜ፣ ማለትም ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ አምና፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከተጠራ ሲምፕል ፓስት ነው የሚገባው፦ «ሂ ኬም የስተርዴይ»። ሁለተኛ፣ «ተኝቷል»፣ «ቆሟል»፣ «ነጠላ ለብሳለች» የምንለው አሁን የሚታየውን ሁኔታ ስንገልጽ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ነጠላ» ነው፤ ሁሉም ኮንቲኒየስ ናቸው።

«ሄደ»ም ቢሆን ሁልጊዜ ፓስት አይደለም። የተጠራ ሰው «መጣሁ!» የሚለው ገና ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ይህ «አይ ኬም» ተብሎ አይተረጎምም፣ «አይ አም ካሚንግ» ነው። «ገባኝ» ሲባል «አይ አንደርስታንድ»፣ «ራበኝ» ሲባል «አይ አም ሀንግሪ»፣ «ደከመኝ» ሲባል «አይ አም ታየርድ»። እነዚህ አራቱ ከሠንጠረዡ ሥር ቢጻፉ ከአንድ ምዕራፍ ማብራሪያ ይበልጣሉ።

የጥያቄና የአሉታ ክፍሉ ደንቡን በትክክል ጽፏል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረንም። «አልሄደም» ስንል ያለፈው ጊዜ ግሱ ላይ እንዳለ ይቆያል። እንግሊዝኛ ጊዜውን «ዲድ» ላይ ይጭነዋል፤ ስለዚህ ግሱ ወደ ቪ 1፣ ማለትም ወደ መነሻ ቅርጹ፣ ይመለሳል። «ዲድ ዩ ዌንት» ስህተት የሚሆነው ያለፈው ጊዜ ሁለቴ ስለተነገረ ነው። «ዳዝ ሂ ጎዝ»ም በዚሁ ይታረማል፤ ኤሱን «ዳዝ» ወስዶታል፣ ለግሱ የቀረ የለም።

የጥራዙ ጥሩ ነገር የኢሬጉላር ቨርቦቹ፣ ማለትም ኢ እና ዲ ተጨምሮባቸው የማይረቡት ግሶች፣ አደራደር ነው። በፊደል ተራ ሳይሆን በጠባያቸው ተከፋፍለዋል፦ ሦስቱም አንድ የሆኑት እንደ «ፑት» እና «ከት»፤ ቪ 2 (ያለፈ ጊዜ ቅርጹ) እና ቪ 3 (ከ«ሃዝ» ጋር የሚገባው ቅርጽ) የሚገጥሙት እንደ «ባይ፣ ቦት፣ ቦት» እና «ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት»፤ ቪ 3 ወደ ቪ 1 የሚመለሰው እንደ «ካም፣ ኬም፣ ካም»፤ በድምፅ የሚዘዋወሩት እንደ «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ»፤ ሦስቱም የሚለያዩት እንደ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ይህን እንዴት እንደሚያጠኑት ማስተማር አያስፈልግም፤ ግስ እንደሚወርደው ሁሉ ድምፅን ከፍ አድርጎ በየቀኑ 10 ግስ ማውረድ፣ በማግስቱ የትናንቱን ከልሶ አዲስ 10 መጨመር ነው። በዝምታ ማንበብ እዚህ ላይ ጎጂ ነው፤ ለምሳሌ «ሪድ» ቪ 2 ላይ ሲደርስ ፊደሉ ሳይለወጥ «ሬድ» ተብሎ እንደሚነበብ ዓይን ብቻውን አይነግርም።

ሬጉላር ግሶቹ ግን አነባበባቸው ተዘሏል። ኢ እና ዲ የተጨመረበትን ሁሉ አንድ ዓይነት ማንበብ በየክፍሉ የሚሰማ ስህተት ነው። ግሱ በክ፣ ፕ፣ ስ፣ ሽ፣ ች ወይም ፍ ድምፅ ካለቀ መጨረሻው «ት» ይሆናል፦ «ወርክት»፣ «ስቶፕት»፣ «ዋሽት»። በት ወይም በድ ካለቀ አንድ ቀለም (ሲላብል) ይጨምራል፦ «ዎንትድ»፣ «ኒድድ»። ሌላው «ድ» ነው፦ «ፕሌይድ»፣ «ኦፕንድ»።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ» የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገርም የለም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ጥያቄ ካልሆነ በቀር ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» አይገባም፦ «ዌን ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም»። «ፎር» እና «ሲንስ» አንድ አንቀጽ ብቻ ተሰጥቷቸዋል። «ከ3 ዓመት ጀምሮ ደጀን ይኖራል» የሚለውን ቃል በቃል የሚመልስ ልጅ ቴንሱንም መስተዋድዱንም ይስታል፤ ትክክሉ «ሂ ሃዝ ሊቭድ ኢን ደጀን ፎር ስሪ ይርስ» ነው። «ሲንስ» የሚፈልገው መነሻውን፣ ለምሳሌ ዓመተ ምሕረቱን፣ እንጂ ርዝመቱን አይደለም።

ገጾቹ ለ12ቱም እኩል ተከፍለዋል። ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒየስ ከሲምፕል ፓስት እኩል ቦታ ማግኘቱ አሳዛኝ ነው፤ ተማሪው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላይጽፈው ይችላል። ሲምፕል ፕሬዘንት፣ ፕሬዘንት ኮንቲኒየስ፣ ሲምፕል ፓስት፣ ፕሬዘንት ፐርፌክት እና «ዊል» ሳይጸኑ ወደ ሌሎቹ አይታለፍ።

መልመጃዎቹ በቂ ናቸው፤ የመልስ ገጹ ግን ፊደል ብቻ ነው፣ ምክንያት የለውም። ስለዚህ ልጁ መልሱን ከማየቱ በፊት በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ጊዜውን ያሳየውን ቃል ያስምርበት።

ሲገዛ የግሱን ሠንጠረዥ ገልጦ የቀኙን ዳር ማየት ያስፈልጋል። ፎቶ ኮፒው ተንሸራቶ በተነሣባቸው ቅጂዎች የቪ 3 ዓምድ የመጨረሻ ፊደል ተቆርጦ ይቀራል፤ ልጁም «ሪትን» የሚለውን ቃል ያለ መጨረሻው «ን» ሸምድዶ ይቀመጣል።