ዳርዊንን ከየትኛው ልጀምር?

ሳይኮሎጂ የሚማር ሰው «የዝርያዎች አመጣጥ»ን (1859) ያስቀድም ወይስ «የስሜት አገላለጽ በሰውና በእንስሳት»ን (1872)? ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋ፦ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ።

ቅለት፦ የ1859ኙ ይከብዳል። ስለ እርግብ ማዳቀል ብቻ ብዙ ገጽ ይፈጃል። ስለ ሰውም እምብዛም አያወራም፤ መጨረሻው ላይ ሳይኮሎጂ አዲስ መሠረት ይይዛል ብሎ ያልፋል። የ1872ቱ ፎቶ ሁሉ አለው፣ ጨዋታውም ደስ ይላል። ዳርዊን የለንደን የእንስሳት ማቆያ ሄዶ ፊቱን እባቡ ወዳለበት ወፍራም መስታወት ያስጠጋል። ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆርጧል። እባቡ ሲወረወር ግን ዘሎ ወደ ኋላ! መስታወቱ እንዳለ እያወቀ እኮ ነው።

ስጋት፦ የ1872ቱ፣ ወላጅ በልምድ ያዳበረው ነገር ለልጅ ይወረሳል የሚል ሐሳብ ላይ ይደገፋል። ዛሬ ይህ አያስኬድም። የ1859ኙን ስታወርዱ ደግሞ የመጀመሪያውን እትም ምረጡ፤ ስድስተኛው ለተቺዎች በተሰጠ መልስ ተጨናንቋል።

ስሜትና የፊት ገጽታ ለሚያጠና የ1872ቱ ይበቃል። የኢቮሉሽን ሳይኮሎጂ (የሰውን አእምሮ በዝግመተ ለውጥ የሚያስረዳው ዘርፍ) ክርክር ውስጥ ለሚገባ ግን ያለ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም ለአካባቢው የተስማማው ይበልጥ ተርፎ ይራባል ከሚለው ሐሳብ ውጭ፣ አይሆንም፤ የ1859ኙን ይያዝ። ጊዜ ያጠረው ስለ ደመነፍስ የሚያወራውን ምዕራፍ ብቻ ያንብብ።