ጦርነት በገጽ ጠርዝ ላይ፦ የጃፓኑ «አዲሱ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ» ሲገመገም

ፉሶሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚ ያወጣው «አዲሱ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ» ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ከተማሪዎች ይልቅ በሰልፈኞች ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር 137 እርማቶች አስደርጎ ሲያጸድቀው ደቡብ ኮሪያ የጃፓንን የጦርነት በደል ያለዝባል በሚል አምባሳደሯን ከቶኪዮ ጠራች፤ የታደሰው እትም በ2005 ሲጸድቅ ደግሞ በቤጂንግና በሻንጋይ የተቆጡ ሰልፈኞች በጃፓን ኤምባሲና ቆንስላ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው መጽሐፉን ያዘጋጀው የታሪክ መማሪያ መጻሕፍት ማሻሻያ ማኅበር የ2005ቱን እትም የዘመናዊ ታሪክ ምዕራፎች በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ በነጻ ያሠራጨውን ቅጂ ነው።

መጽሐፉ ሳይሰለች ይነበባል፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። የ1904–05ቱ የሩሲያና የጃፓን ጦርነት፣ በተለይም የአድሚራል ቶጎ መርከቦች በቱሺማ የተቀዳጁት ድል፣ ልብ በሚሰቅል አኳኋን ተተርኳል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት አርአያ ማድረጉን የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ስሜቱ ሊነካ ይችላል፤ የእኔም ተነክቷል።

ችግሩ የሚጀምረው የኮሪያ ልሳነ ምድር ከአህጉሩ ወደ ጃፓን እንደተዘረጋ ክንድ ሲቀርብ ነው። ተማሪው ካርታውን በጃፓን ጦር አዛዦች ዓይን እንዲያይ ይደረጋል፤ በዚያ ምድር የሚኖረው ሕዝብ ምን ይፈልግ እንደነበረ ግን እምብዛም አይነገረውም። ከዚህ የሚብሰው የቻይናዋ የናንጂንግ ከተማ ጉዳይ ነው። ከተማዋ በታኅሣሥ 1937 በጃፓን ጦር መያዟ በዋናው ጽሑፍ በአጭሩ ታልፎ፣ ጦሩ በዚያ የፈጸመው ግድያ በገጹ ጠርዝ ወዳለ ማስታወሻ ተገፍቷል። ማስታወሻው በርካታ ቻይናውያን ወታደሮችና ሲቪሎች መገደላቸውንና መቁሰላቸውን ያምንና፣ ወዲያው ስለ ሟቾቹ ብዛት ጥርጣሬ መኖሩንና ክርክሩ አለመቋጨቱን ያክላል። ከጦርነቱ በኋላ የተሰየመው የቶኪዮ ችሎት ከ200,000 በላይ፣ ቻይና ደግሞ 300,000 ማለታቸው በማስታወሻው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ተማሪው የሚጠራጠረው ያልተነገረውን ቁጥር ነው። ምሁራን በቁጥሩ መከራከራቸው እውነት ቢሆንም፣ ክርክሩን ከግድያው አስበልጦ ማቅረብ ጥንቃቄ ሳይሆን ማድበስበስ ነው። በጃፓን ጦር ሠራዊት ለወሲብ ባርነት የተዳረጉት የኮሪያና የሌሎች አገሮች ሴቶች ጭራሹኑ አልተነሡም፤ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገኘቻቸው የመጀመሪያ ድሎች ለደቡብ ምሥራቅ እስያና ለሕንድ ሕዝቦች የነጻነት ተስፋ መስጠታቸው ግን በኩራት ተጽፏል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቁጣው መጽሐፉን የጃፓን መንግሥት ድምፅ አድርጎ መቁጠሩን አልቀበልም። በጃፓን መማሪያ መጻሕፍትን የሚያዘጋጁት አሳታሚዎች ናቸው፤ ሚኒስቴሩ ይመረምራል፣ የየአካባቢው የትምህርት ቦርድም ይመርጣል። በቶቺጊ ክፍለ ግዛት የሚገኝ አንድ የምርጫ ወረዳ በ2001 መጽሐፉን ከመረጠ በኋላ ተቃውሞ ስለበረታበት ውሳኔውን ቀልብሷል፤ በመላ አገሪቱም በዚያ ዙር የመጽሐፉ ድርሻ 0.039 በመቶ ብቻ ነበር። የጃፓን መምህራንና ወላጆች ፊት እንደነሡት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሚኒስቴሩ በቀጥታ ሊወቀስ የሚገባው ይልቁንም በ2007 ባደረገው ነገር ነው፤ በ1945 በኦኪናዋ ደሴት በተደረገው ጦርነት ወቅት የጃፓን ሠራዊት ሲቪሎችን ራሳቸውን እንዲያጠፉ ማስገደዱን የሚገልጸው ሐሳብ ከሌሎች አሳታሚዎች የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት እንዲወጣ በማዘዙ በደሴቲቱ ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ ተደርጓል፤ ያን ጊዜ የተቆጡት ጃፓናውያን ራሳቸው ነበሩ።

ቅጂው ነጻ ስለሆነ ለታሪክ መምህራንና ለመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ማንበቡ አይከብድም፤ የቻይና፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ምሁራን በ2005 በጋራ ካሳተሙት የታሪክ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ደግሞ ይመረጣል። ለብቻው ለተማሪ እንዲሰጥ ግን አልመክርም።