ጠዋት ጠዋት ጎሚኒ እያበላሸ ያስቸገረንን ፕሬስ ላስተካከለልን ባለሙያ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል፣ ትንሽ የጎማ መሥሪያ አለችን። የመኪና ጎሚኒ፣ የፓምፕ ጓርኒሲዮን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እንሠራለን። ዛሬ የምጽፈው ፕሬሳችንን ያስተካከለልንን አንድ የአውቶሜሽን (ማሽን በራሱ እንዲሠራ የማድረግ) ባለሙያ ለማመስገን ነው። ፕሬስ የምንለው ጎማውን ሞልድ በሚባል የብረት ቅርጽ ውስጥ ተጭኖ በሙቀት የሚያበስለውን ማሽን ነው።

ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ጎሚኒ ሁሌም ብልሽት ነበር። በጥፍር ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ሲቆርጡት መሀሉ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ጎማ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ አቅልጠው መልሰው አይሠሩትም። ድኝ ገብቶበት አንዴ መብሰል ከጀመረ በቃ፣ ያ ሁሉ ጥሬ ዕቃ ውሃ በላው። እኛ ጥፋቱን በቅመማው ላይ ስናላክክ ኖርን። ቀድሞ ያየልን ሌላ ሰው ደግሞ ማሽኑን በሙሉ ቀይሩ አለን። ዋጋውን ስሰማ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ይሄ ልጅ የመጣው መለኪያ ብቻ ይዞ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ፓኔል 160 ዲግሪ ይላል። የሞልዱን ውስጥ ለካው፤ 131።

«ጋሼ፣ ማሽኑ አልዋሸም። የሚለካው የራሱን ብረት ነው፣ ሞልዱን ማን ለካው?» አለኝ።

ለካ ሌሊቱን ሙሉ ቁር ሲጠጣ ያደረው ሞልድ ሳይሞቅ የማብሰያው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል!

ሞልዱን በስቶ ቴርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ከተተበት፣ ትንሽ ፒኤልሲም (ማሽኑን በፕሮግራም የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) አስገባ። አሁን ሞልዱ ራሱ 155 ካልደረሰ ሰዓቱ አይነሣም። ደቂቃው ሲሞላ ፕሬሱ በራሱ ይከፈታል። ለመዝጋት ደግሞ ሁለት ቁልፍ በሁለት እጅ መጫን ግድ ነው፤ እጅ ፕሬሱ ውስጥ አይቀርም።

መብራት ቢሄድስ? (እኛ ጋ ይሄ ጥያቄ መቼም አይቀርም።) ግፊቱ እንዳይለቅ ቫልቭ አደረገበት። መብራት ሲመለስ ዝም ብሎ አይቀጥልም፤ ሙቀቱ ስንት እንደወረደ አሳይቶ ይጮኻል። ሠራተኛዋ አይታ ትወስናለች።

እንከኑን ልደብቅ? 3 ቀን ብሎ 8 ቀን ፈጀ። ግን ሲሄድ ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጦ ሰጠን፣ በይለፍ ቃልም አልቆለፈውም። በየብልሽቱ እንድትጠሩት ቆልፎባችሁ የሚሄድ ባለሙያ የገጠማችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እጁ ይባረክ።

ሸኖም ሆነ ሸዋ ሮቢት ይሄዳል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከሰዓት ና ብትሉት ግን እሺ አይላችሁም፤ ማሽኑን በብርዱ ሰዓት ካላየ ሥራ አይጀምርም።