ኩብ ሰብረው ብቻ ለማይሸኙን የማርቆስ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል፣ የአፈርና የኮንክሪት ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠሩ ቴክኒሽያኖችና መምህራን፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። በጎጃም ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት የምታስገነቡ ወገኖች ወደ እነዚህ ባለሙያዎች ሂዱ የምንለው በምክንያት ነው።

ኩብ፣ ማለትም ጥንካሬው ተሰብሮ የሚፈተሽ የኮንክሪት ናሙና፣ ይዞ ለመጣ ሰው ቁጥር ጽፎ መስጠት ቀላል ነው። እነሱ ግን የተሰበረውን አገላብጠው ያያሉ። ደህና የተሠራ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሰበር አራቱም ጎኖቹ ረግፈው ወገቡ የቀጠነ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ጎን ብቻ ከተገመሰ ወይ ሞልዱ (ኩቡ የተሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ተጣሟል፣ ወይ ኩቡ መጭመቂያ ማሽኑ መሐል ላይ አልተቀመጠም፤ በዚያ ቁጥር ኮንትራክተሩን መውቀስም ማመስገንም አይቻልም። ለሲ-25 ኮንክሪት (በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን መሸከም ላለበት) በ28ኛው ቀን ማሽኑ 563 ኪሎ ኒውተን ገደማ መድረስ አለበት። በ7ኛው ቀን የዚህን ሁለት ሦስተኛ ያህል ከያዘ ደህና ነው፤ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት) ከሆነ ጥንካሬው ዘግየት ስለሚል ትንሽ ቢያንስም አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳይት ነው፦ በማግስቱ ከሞልድ ወጥቶ ውኃ ውስጥ መግባት የነበረበት ኩብ የጥበቃው ቤት ጥግ ፀሐይ ሲጠብሰው ይሰነብታል።

የአሸዋውን ፍተሻ ደግሞ ለፎርማን ጭምር ያሳያሉ። መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ጨው ጣል የተደረገበት ውኃ እስከ 50 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ አሸዋው 100 እስኪደርስ፣ ከዚያ ውኃው 150 እስኪሆን ይሞላል። በደንብ ተንጦ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ከላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ደለል አሸዋውን ሸፍኖ ከሲሚንቶው ጋር እንዳይያያዝ ያደርገዋል፣ ውኃም ይጠጣል፤ ሠራተኛው እንዲላላለት ውኃ ሲጨምር ኮንክሪቱ ይደክማል።

ትልቁ ውለታቸው ግን ዋልካ ላይ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት የሚያብጥ አፈር ግድግዳ ሲሰነጥቅ በአገራችን ያላየ የለም። በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ፣ በኦቨን የደረቀ 10 ሚሊ ሊትር አፈር ባለ 100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ፣ ውኃ ላይ ቀስ ተደርጎ ይነሰነሳል። በ24 ሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ መቶ በመቶ አበጠ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ፉቲንግ (የምሰሶው መሠረት እግር) ዝም ብሎ አይጣልም። ዋልካውን ቆርጦ ማውጣት፣ በሰለክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) እየጠቀጠቁ መሙላት፣ የጣሪያ ውኃ መሠረቱ ሥር እንዳይገባ ማራቅ ያስፈልጋል። ይህንን ከግንባታ በፊት መስማት ርካሽ ነው።

ስትሄዱ አፈሩን ከላይ ዛቅ አድርጋችሁ አትውሰዱ፤ ፉቲንጉ ከሚያርፍበት ጥልቀት ይሁን። ስሙንና ጥልቀቱን ጆንያው ላይም በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፤ ውስጥ የገባ ወረቀት በእርጥበት ይበሰብሳል።