«ፔጆ 404 ነው» ብላችሁ ጋስኬት አትግዙ፦ ሐረር ላይ ስላሉ አንድ መካኒክ

ቦታው ጋራዥ አይመስልም። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ የቆርቆሮ አጥር አለ፣ ጽሑፍ የለውም፣ በሩ ላይ ሞተር የሌለው ፔጆ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። (ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስቴ ልጅ «ጋራዥ ከሆነ መኪና ግርግር አይሻልም?» ብሎኝ በሳቅ ፈረስኩ። መኪና ግርግር የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ እዚያ የሚንጫጫው የልብስ ስፌት መኪና ነው።)

እኔ ለጥገና የወሰድኩት መኪና የአባቴ ፔጆ 404 ነው። ሐረር ያደገ ሰው ፔጆ ማለት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ባጃጅ ሳይመጣ በፊት ከተማው የፔጆ ታክሲ ነበር። አባቴ ደግሞ እስኪሞት ድረስ «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ብሎን አልተነካም» ሲል ነው የኖረው። እኔም አምኜ ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት ከድሬዳዋ ስመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ ውሃ አፈላ። የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። አንድ መለዋወጫ ቤት ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። «ምን መኪና?» «ፔጆ 404።» «አለ።» በቃ፣ ይኼው ነው ጥያቄው። የገጠመልኝ ልጅ ቀዳዳውን አየት አድርጎ «ትንሽ ጠበብ ይላል፣ ግን ይሄዳል አቦ» አለኝ። ሄደ፣ አስራ አንድ ቀን። በአስራ ሁለተኛው ቀን ሐረማያ ስደርስ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ በነጭ ጭስ ተሸፍኖ ጥሩንባ ይነፋብኛል።

ከዚያ ነው ሰዎች ወደ እኚህ መካኒክ የላኩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መኪናው ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ቴስታታው ይውረድ» አሉ።

ቴስታታው እንደተነሳ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ልኬት አይደለም። ትልልቅ ሮንደላ በብሎን አድርገው ሲሊንደሮቹን ከላይ ያዟቸው። ለምን ስላቸው፣ የፔጆ ሲሊንደር ከብሎኩ ጋር አንድ ወጥ አይደለም፣ ተነቃይ ነው፣ ቴስታታው ሳይጫነው ሞተሩን ካዞርከው ከስሩ ንቅንቅ ይልና ውሃ ወደ ዘይት ይገባል አሉኝ። የፊተኛው ልጅ ይህን አላደረገም። እንዴት እንዳመለጥኩ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ የሲሊንደሩን አፍ በጨርቅ ጠረጉና ካሊፐር አስገቡ። ካሊፐሩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፣ ቁጥሮቹ ተፍቀው ግማሹ አይታይም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከዓይናቸው ሥር አስጠግተው ነው የሚያነቡት። 84 ሚሊ ሜትር። የተቃጠለውን ጋስኬት ለኩ፦ 80። «ይሄ የ1468ቱ ነው» አሉና ወረወሩት። ማለት፣ 404 በቤንዚን ብቻ እንኳ ሁለት መጠን ሞተር አለው፣ ዋናው 1618 ሲሲ ሲሆን አነስ ያለው 1468 ሲሲ ነው። የፒስተኑ ጉዞ በሁለቱም 73 ሚሊ ሜትር ነው፣ ልዩነቱ ስፋቱ ላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ጋስኬት በየዙሪያው ሁለት ሁለት ሚሊ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ምን ያድርግ፣ ተቃጠለ።

እኔ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ «እና 1618ቱ ነዋ» አልኩ። ዝም አሉኝ። ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርገው አዞሩ፣ ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ ለኩ፣ ከታች ሲደርስ ለኩ። እንደገና አዞሩና ደገሙት። 81።

«ልጄ፣ ይሄ የ404 ሞተር አይደለም።»

የ504 ነው። ስፋቱ ከ404ቱ ጋር አንድ ነው፣ 84፣ ጉዞው ግን 81፣ ይህም 1796 ሲሲ ይሆናል። ላላመነ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 8.4 ሴንቲ ሜትርን በራሱ አባዙ፣ በ0.785 አባዙ፣ በጉዞው አባዙ፣ በአራት ሲሊንደር አባዙ። በ7.3 ካደረጋችሁት 1618 አካባቢ ይመጣል። (የሚገርመው፣ አንዱ ሲሊንደር ብቻውን 404 ሲሲ ገደማ ነው። የመኪናው ስም ግን ከዚህ አልመጣም፣ ፔጆ 403፣ 404፣ 504 እያለ ነው የሚሄደው።)

በዓይን እለያለሁ የሚል ካለ ይተወው። 404 ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ተሠራ፣ 504 በ1968 መጣ፣ ሁለቱም የቤንዚን ሞተራቸው 45 ዲግሪ ወደ ጎን የተኛ ነው። ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ሰው ያው ፔጆ ነው የሚለው። ናፍጣው ብቻ በዓይን ይለያል፣ ካንዴላና ካርቡሬተር የለውም። እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው፦ የ1948 ሲሲው ናፍጣ 88 በ80 (ስፋት በጉዞ) ነው፣ የ504 ትልቁ ቤንዚን 88 በ81። ስፋቱን ብቻ ለክቶ የሚሄድ ሰው ይሳሳታል።

አንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ «504፣ 84 በ81» ብለው ጽፈው ሰጡኝ፣ ድሬዳዋ ይዤው ሄድኩ፣ ባለሱቁ ካርቶኑን አይቶ ያለ ጥያቄ አወጣልኝ። አምስት ወር ሆነው። ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነው፣ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም።

ለልኬቱ 500 ብር ብቻ ነው የተቀበሉኝ፣ ለመግጠሙ ለብቻ።

መጥፎ ጎናቸውን ልናገር። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ነገ ካሉ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ ይጀመራል፣ ያኔ ወሬው ይጥማል፣ ሥራው ግን ቆመ። እና ይቆጣሉ፤ «ይሄዳል» የምትለዋን ቃል ፊታቸው እንዳትሏት። ለቶዮታ አልመክራቸውም፣ ራሳቸውም ሥራዬ አይደለም ይላሉ።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ቤት ገብቼ ሊብሬውን ሳወጣ የሞተር ቁጥሩ ብሎኩ ላይ ከተመታው ጋር አይገናኝም። ብሎኩ ላይ ያለው በግራሶና በአፈር ተደፍኖ ስለነበር ማንም አላየውም። ለእናቴ ነገርኳት። ቡናዋን እያማሰለች «አይ አባትህ!» አለች። «አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ወስዶት ወር ሙሉ ያለ መኪና ቀረን። ቀለም እየተቀባ ነው አለኝ። ሲመጣ ግን ቀለሙ ያው ነው።»

ሊብሬውን ማስተካከል ይቀረኛል። እሳቸው ጋ ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ።