ፍሬዶካ ወይስ ኩፐር ብላክ? ለድቡልቡል ፊደል ከመክፈላችሁ በፊት

«ያ ወፍራም፣ ድቡልቡል፣ ጨዋታ ጨዋታ የሚለው ፎንት የቱ ይሻለኛል?» የሚሉኝ ጓደኞቼ በዝተዋል። የሚያመላልሱት ሁለት ስም ነው፤ ፍሬዶካ እና ኩፐር ብላክ። እኔ የፍሬዶካ ወገን ነኝ። ወገን የለየሁት ግን ከስሬ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩት ኩፐር ብላክን ነበር። ኦስዋልድ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው ነው፤ እርጅናው ራሱ ያምርበታል። ጫፎቹ ያበጡ ናቸው፣ የላቲኗ ኦ ሆዷ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ዋናውን ልግዛ ስል ግን ሂሳቡ አንድ አልሆነም። ለኮምፒውተር አንድ ፈቃድ፣ ለድረ ገጽ ሌላ፣ ለመተግበሪያ ደግሞ ሌላ። የድረ ገጹ በጎብኚ ብዛት የሚታሰብበት ጊዜም አለ። ሥራህ ባደገ ቁጥር ክፍያው ይከተልሃል ማለት ነው። ስስት ያዘኝና በነጻ የሚወርድ አንድ ፎርጅድ ኩፐር አወረድኩ።

ስክሪን ላይ ምንም አይልም። ጉዱ የወጣው ለአንድ የልጆች መጫወቻ ክፍል ትልቅ ስቲከር ልናስቆርጥ ፕሎተር (ስቲከር በምላጭ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ ስንጭነው ነው። ምላጩ ክብ በደረሰ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ፋይሉን ከፍቼ ሳጎላው፣ የፊደል ቅርጽ የሚሳለው በነጥቦች ነው፤ በጣት የሚቆጠሩ የሚበቋት ኦ ዙሪያዋን ነጥብ ወሯታል። ለካ ከምስል ላይ በሶፍትዌር የተገለበጠ ነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ስሰርዝ አደርኩ። አብሮ የወረደውን ጽሑፍ ያነበብኩት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ለግል አገልግሎት ብቻ» ይላል። ደንበኛ የከፈለበት ሥራ! በኔው ኪስ እንደገና ተሠራ።

ፍሬዶካ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ዜሮነቱም የምር ነው። ክፍት ፈቃድ ስላለው ለንግድ ብትሠሩበት፣ ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት፣ መተግበሪያ ውስጥ ብታስገቡት ማንም አይጠይቃችሁም። የተከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። ብቻ ስሙን አስተውሉ። ፍሬዶካ ዋን የሚባለው የቀድሞው ነው፤ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። እሱ ላይ ቦልድ ስትጫኑ ሶፍትዌሩ በግድ ያወፍረውና የፊደሎቹ ቀዳዳ ይደፈናል። «ዋን» የሌለበት ፍሬዶካ ግን ከ300 (ቀጭኑ) እስከ 700 (ወፍራሙ) የራሱ ውፍረቶች አሉት።

ፍሬዶካ ለሎጎ፣ ለርዕስ፣ ለማሸጊያ፣ ለጌም ቁልፎች አሪፍ ነው። አንቀጽ አትጻፉበት፤ ፍሬዶካም ኩፐርም በትንሹ ሲታተሙ ዓይን ያደክማሉ።

ፍሬዶካ የግዕዝ ፊደል የለውም። አማርኛ ስትጽፉበት ኮምፒውተሩ ሳይነግራችሁ ሌላ ፎንት ይተካል። እኔ ከጎኑ የማቆመው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ነው። ድቡልቡል አይደለም፤ ግን እስከ 900 ስለሚወፍር ክብደታቸው ይመጣጠናል።

የድሮ ፖስተር መልክ ካማራችሁ ኩፐርን የሚተካው የለም፤ ዋናውን ግዙ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያላችሁ መጀመሪያ የፎንት ዝርዝራችሁን እዩ፤ እዚያው ተቀምጦ ይሆናል። ፋይሉን ድረ ገጽ ላይ ለመጫን ግን ያ ፈቃድ አይበቃም።