ሂሳብ መያዝ ወይስ ተነሳሽነት፦ ለጎንደር ነጋዴ የትኛው ሥልጠና ይሻላል?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ለምትሸጥ ሴት ወይም አዘዞ ላይ የእንጨት ሥራ ለከፈተ ወጣት የሚሰጠው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው ነው፤ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ዋጋ መተመን፣ ገበያ ማጥናት። ሌላው ዓይነት «የግል ተነሳሽነት» ሥልጠና ነው። ይህኛው ከጎረቤት የተለየ ነገር ማቅረብን፣ ዕድልን ቀድሞ መፈለግን፣ እንቅፋት ሲገጥም አለመተውን ያለማምዳል።

ሁለቱ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ጎን ለጎን ተፈትነዋል። 1,500 አነስተኛ ድርጅቶች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ምንም ሥልጠና አልወሰደም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 በታተመው ውጤት የተነሳሽነት ሠልጣኞች ትርፍ በ30 በመቶ አደገ። በተለመደው ሥልጠና የታየው 11 በመቶ ግን በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም።

ልዩነቱ እጅግ ሊያሳስበን ይገባል! በአንድ መደዳ ያሉ ሱቆች ሁሉ ያንኑ ሸቀጥ በሚሸጡበት ገበያ፣ መዝገብ ብቻውን ደንበኛ አይጠራም። በርበሬውን ቀምማ፣ አስፈጭታና አሽጋ ለሆቴሎች የምታቀርብ ሴት ግን ከዋጋ ሽሚያው ትወጣለች። ስለዚህ እኔ ተነሳሽነትን አስቀድማለሁ።

ዱቤ ለበዛበት ወይም ብድር ለሚጠይቅ ነጋዴ ግን ሂሳብ ይቅደም። እርሱም ቢሆን ቀለል ይበል፤ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በተደረገ ሙከራ፣ የሱቁንና የቤቱን ገንዘብ በተለያየ መሳቢያ እንደማስቀመጥ ያሉ ቀላል ደንቦች ከመደበኛው የሂሳብ ትምህርት የተሻለ ውጤት አስገኝተዋል።